ዕቃ ጠባቂዋ

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2017፣ ፍራንክፈርት

ኡርላውቤ፣ የዓመት ፈቃዴ፣ ሳያልቅ ብዬ ዛሬ ታላቅ እህቴን እትዬ ዘሀራን ይዤ በደርሶ መልስ አውቶቡስ ሆላንድ፣ ባሕሩ ጠርዝ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ከተማ ሄደን ዋልን። ቤቶቿ አሻንጉሊት ይመስላሉ። አይስክሬም እየላስን ስንዞር፣ እትዬ እንደዛሬ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

አሸዋው ላይ ስንደርስ ጫማዬን አወለቅኩ። እሷ ቦርሳዎቹን ሰብስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"አንቺ ግቢ፣ እኔ ዕቃ እጠብቃለሁ" አለችኝ።

"ሳምቡሳችንን ማን ይሰርቀናል?" ብዬ ሳቅኩባት። አልሳቀችም።

ለካ ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ እሑድ እሑድ ባሕር ይዘዋት ይሄዱ ነበር። ልጆቹ ሲዋኙ ፎጣና ጫማቸውን ይዛ ትጠብቃለች።

"እግሬን እንኳ ነክሬ አላውቅም። ማዳም 'መኪናዬን ታረጥቢብኛለሽ' ትለኝ ነበር" አለች።

ይሄን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ነግራኝ አታውቅም። እጇን ይዤ አስነሳኋትና እኔ በቦታዋ ቁጭ አልኩ።

"በይ፣ ዛሬ ተራው የኔ ነው።"

ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ እስከ ጉልበቷ ገባች። ማዕበል ሲመጣ እየጮኸች ወደ ኋላ ትሮጣለች፣ ደግሞ ትመለሳለች። በቃ፣ ተረሳላት ብዬ ደስ አለኝ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ አልቀመጥ አለች። ሰው ሁሉ ተቀምጦ እሷ ብቻ የረጠበ ቀሚሷን ጫፍ ይዛ መተላለፊያው ላይ ቆማለች።

"እትዬ፣ ቁጭ በይ እንጂ" አልኳት።

"ትንሽ ይድረቅልኝ" አለች፣ ወንበሩን እያየች።

ማንም እኮ ምንም አላላትም።