ከውሃው ጠርዝ ሠላሳ ሜትር

ነሐሴ 4 ቀን 1974
ዝናብ። ያጠብኩት ልብስ ሦስተኛ ቀኑ፣ አልደርቅ አለ። ከቀበሌ አስጠሩኝ። ሊቀመንበሩ ጓድ አድነው አሥራ አንድ ገጽ ወረቀት ሰጠኝ፤ የወንዝ ዳር ቦታ አጠቃቀም ረቂቅ ደንብ። "አስተማሪ ነሽ፣ አንብቢና አስተያየትሽን ጻፊ።" ደስ አለኝ፣ ምን ይደረግ። የሚጠይቀን ተገኘ ብዬ...

ነሐሴ 5
አንቀጽ ሰባት። ከውሃው ጠርዝ ሠላሳ ሜትር ውስጥ ቤት፣ አጥር፣ ጓሮ የለም። ያለው ይነሳል። የትኛው ጠርዝ? በጥር ልጆች ዘለው የሚሻገሩት ወንዝ ዛሬ ከእንጦጦ ግንድ እያንከባለለ የእማማ ማሚቴ ጎመን ውስጥ ገብቷል። ይህን የጻፈው ሰው ወንዝ አይቶ ያውቃል?

ነሐሴ 7
ሸፊ የሚባል ለኪ መጣ። "ረቂቅ" አይደል እንዴ? ምን ያስቸኩላል? ቦቲውን ጎርፉ ውስጥ ነክሮ ቆመና ሜትሩን ዘረጋ። በእማማ ማሚቴ በር ገባ፣ አልጋቸው ጋ ሲደርስ ሠላሳ ሞላ። ጎረቤቴ ናቸው፤ ባል የላቸው፣ ልጅ የላቸው። ያንን ጎመን አዲሱ ገበያ እየሸጡ ነው የሚኖሩት። "ልጄ፣ ሜትሩ አልጋዬ ላይ ምን ይሠራል?" አሉኝ። "በበጋ ናና ለካ!" ብዬ ሸፊ ላይ ጮህኩ። "እኔ የታዘዝኩት ዛሬ ነው፣ እህቴ።" ደሜ ፈላ።

ነሐሴ 9
ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ልኬቱ ከበጋው ውሃ ይጀምር አልኩ። አድነው ቆሞ አነበበና መሳቢያ ውስጥ ከተተው። "ጓድ መሰለች፣ አስተያየት ስንል ድጋፍ ማለታችን ነው እኮ።" ሳቀ ደግሞ። ታዲያ ምን አስነበበኝ? ስብሰባው ላይ እናገራለሁ። የመጣው ይምጣ!

ነሐሴ 11
እጄን ይቁረጠው።

ነሐሴ 12
እሺ፣ የትናንቱን ስብሰባ ልጻፈው። የቀበሌው አዳራሽ የድሮው ጸሎት ቤታችን ነው፣ ከተወሰደብን አራት ዓመቱ። አብዮት ጥበቃው ጠመንጃውን አንግቶ በሩ ላይ ቆሟል። "የሚደግፍ?" አለ አድነው። የሁሉም እጅ ወጣ። የኔም። ማንም አልገፋኝም፣ ማንም ስሜን አልጠራም። "በሙሉ ድምፅ" ተባለና ተጨበጨበ። አጨበጨብኩ እንዴ? አዎ፣ አጨበጨብኩ። ፈሪ!

ጥር 18 ቀን 1975
የእማማ ማሚቴ ቤት ከፈረሰ ሦስት ወሩ። እኔ ጋ ናቸው። ዛሬ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዤ ወረድኩ። እየተጎነበስኩ፣ እየተነሳሁ... አልጋቸው ከነበረበት እስከ ውሃው አርባ አራት ሜትር። አርባ አራት! ወንዙን በቀሚሴ ዘልዬ ተሻገርኩት። እርር ድብን አልኩ።

ስመለስ አወጣሁት። "እማማ፣ ያን ቀን እጄን አውጥቻለሁ።"

ጎመን እየቀነጠሱ ነበር፣ ከገበያ የተገዛ ጎመን። ቀና አላሉም። "አውቃለሁ። ከኋላሽ ነበርኩ። እኔም አውጥቻለሁ።"

አጠገባቸው ተቀምጬ ጎመኑን አብሬ ቀነጠስኩ።

ነገ ስብሰባ አለ፣ የታችኛው ሰፈር ተራ ነው። ያው ደንብ፣ ያው አዳራሽ፣ ያው አድነው። አርባ አራትን በትልቁ ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌያለሁ። እማማ አይተውኛል።

"ጎን ለጎን እንቀመጥ" አሉኝ። "እጄ ከተነሳ ጎትቺው። ያንቺንም እጎትተዋለሁ።"