እንግዴ ልጁን ለምን ቀበርሽብኝ

ይድረስ ለእማዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔና ትንሿ ኤዶም፣ ስለ እንግዴ ልጁ ብጮህብሽ አኩርፈሽ ጥለሽን ከሄድሽ ወዲህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ግን አራስ ተጥሎ ይኬዳል? ስደውል ስለምትዘጊብኝ ነው ይህን በባሌ በሃፍቶም እጅ የላክሁልሽ።

እኔ የምልሽ፣ የሰው እንግዴ ልጅ ይሰረቃል እንዴ? ሃፍቶም ከሆስፒታል ወደ መሥሪያ ቤቴ ላቦራቶሪ ሊያደርስልኝ እንግዴ ልጁን በበረዶ ሳጥን ይዞ ቢወጣ፣ ታክሲ እስክትፈልግ እኔ ልያዝልህ አልሽው። ዞር ሲል የለሽም! አፍንጮ በር ወስደሽ፣ በረዶውን ደፍተሽ፣ ግቢሽ ውስጥ ቀበርሽው። ሲጠይቅሽ ደግሞ፣ እናንተ ፒያሳ ፎቅ ላይ የሚቀበርበት አፈር የት አለና ነው አልሽው። ጉድ እኮ ነው!

ስንቴ ነገርኩሽ! እንግዴ ልጅ ውስጥ በሽታ የሚከላከሉ ህዋሳት አሉ። የእኔ እንዳይመስሉሽ፣ የራሷ የልጅቷ ናቸው። ገና መቅኔ እንኳን ሳይኖራት፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተፈጠሩ ናቸው። የእኔዎቹ በማህፀኔ በኩል ናቸው፤ ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ። ከየት እንደሚመጡ፣ እንዴት እንደሚያድጉ፣ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ለምን እንደሚጣሉ ማጥናት ነው ሥራዬ። በረዶው ለመጠጥ አልነበረም፤ ቶሎ ካልቀዘቀዙ ስለሚሞቱ ነው!

ይህን ሥራ ለምን እንደያዝኩ ደግሞ ታውቂያለሽ። የመጀመሪያው ልጄ ሞቶ ሲወለድ፣ ሐኪሙ ምክንያቱ አይታወቅም ብሎኝ አለፈ። ልጁም እንግዴ ልጁም እዚያው ሆስፒታል ቀሩ። የእኔው አካል ጠልቶት ነው? ወይስ የራሱ ጠባቂዎች አልደረሱለትም? ይሄ ነገር ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። ከእሱ የቀረኝ ነገር ስለሌለ ከእህቱ ልጀምር ብዬ ነበር፤ የእሷንም ቀበርሽብኝ። ተናድጃለሁ እማዬ፣ በጣም ተናድጃለሁ።

ትናንት ሃፍቶምን ቢያንስ ባዶ ሳጥኑን አምጣልኝ ብዬ ላክሁት። ሲመለስ ሳጥኑን አስቀምጦ ሊወጣ አለ። ስጨቀጭቀው ነው የተናገረው። ከአዲሱ አፈር አጠገብ በድንጋይ የተከበበች ትንሽ ቦታ አይቶ፣ ይሄ ምንድን ነው ቢልሽ፣ ለወንዱ ልጅ የሠራሁለት ሹራብ ነው፤ ያኔ የምቀብረው ነገር ማንም አልሰጠኝም አልሽው አሉ።

ለእኔ መንገር አቅቶሽ ነው እማዬ? እዚያው ግቢ እየመጣሁ፣ እየበላሁ፣ እየሳቅሁ!

በቃ፣ የተቀበረው ይቀመጥ። አንቺ ግን ነገ ነይልኝ። ኤዶም ሌሊቱን ሙሉ ታለቅሳለች፣ ሃፍቶም ገንፎውን አሳረረው፣ እኔም ልጅ ማጠብ አልችልበትም። ከአራስ ቤት ስወጣ አብረን እንሄድና ቦታውን ታሳይኛለሽ።

እግዚአብሔር ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ጉልበትሽን ያበርታልኝ።

ሹራቡ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረ ብቻ ለሃፍቶም ንገሪልኝ።

አራሷ ልጅሽ