ጉዳዩ፦ ተፎካካሪዬ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ለክቡር አቶ ሐብተማርያም
በኢምባካሲ የምንነግድበት ሕንፃ ባለቤትና የነጋዴዎች ማኅበራችን ሰብሳቢ
ላቪንግተን

ናይሮቢ፣ ሐምሌ 1998 ዓ.ም.

ክቡርነትዎ ከነመላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰንብተዋል? የሐምሌ ብርድ እስከ ላቪንግተን ወጥቶ እንዳላስቸገረዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በአምስት ቁጥር ሱቅ ሻንጣ የምሸጠው አለኸኝ፣ ለጤናዬ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማኅበሩ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት፣ ቀደም ብዬ የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች ከሥራዎ ብዛት የተነሳ ሳይነበቡ እንደቀሩ ስለገባኝ ነው።

ባለፈው ጥር በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ፣ የምንኖረው በካፒታሊዝም ዘመን መሆኑንና ካፒታሊዝም ማለት ነጻ ውድድር መሆኑን ሁለት ሰዓት ሙሉ ስላስተማሩን ከልብ አመሰግናለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትምህርቱን ከሕንፃችን ጋር ለማገናዘብ ስሞክር፣ አልገጥም ያሉኝን ነገሮች በአክብሮት አቀርባለሁ።

1ኛ. ፊት ለፊቴ ለአሥራ አንድ ዓመት ሻንጣ የሸጠው የአስመራው ሰው ኣስፍሃ፣ እንደሚያውቁት፣ ተፎካካሪዬ ነበር። ጠዋት አንዳችን ሸጠን ሌላው ገና ምንም ካልሸጠ፣ ቀጣዩን ደንበኛ ወደ እሱ መላክ ልማዳችን ነበር። ኣስፍሃ ሰው ሲልክልኝ፣ «የአለኸኝ ሻንጣ ኤርፖርት ሳይደርስ እጀታው ይነቀላል፤ ሰውየው ግን ጨዋ ነው፣ ግዙለት» ይል ነበር። እኔም የእሱ ዚፕ የሚዘጋው ሻንጣው ባዶ ሲሆን ብቻ መሆኑን ለደንበኞቹ አስረዳ ነበር። ይህ «ውድድርን የሚያዳክም ስምምነት» ተብሎ በደንቡ አንቀጽ አራት ስለታገደና ለሁለታችንም ማስጠንቀቂያ ስለደረሰን፣ ከስህተታችን ስላዳኑን እናመሰግናለን።

2ኛ. በሚያዝያ የኣስፍሃ ውል ሲያበቃ አልታደሰም። ሱቁም ለማንም ሳይነገር፣ ማንም ሳይወዳደር፣ ለወንድምዎ ልጅ ለይድነቃቸው ተሰጠ። ዕቃ የምናስመጣው ከአማችዎ መጋዘን ብቻ፣ የምንሸጠውም ከቢሮዎ በሚወጣው የዋጋ ዝርዝር ብቻ ነው። ይድነቃቸው ኪራይ ሲያቅተው ደግሞ ከማኅበሩ መዋጮ ተከፈለለት። ትርፉ የአንድ ሰው፣ ኪሳራው የሁላችን የሆነ ንግድ በምን ስም እንደሚጠራ በጉባኤው አልተብራራም። በወጣትነቴ፣ ሶሻሊዝም በተባለው ዘመን፣ በቀበሌ ሱቅ ደጃፍ ብዙ ተሰልፌያለሁ። ሻጩ አንድ፣ የዋጋው ዝርዝር አንድ፣ ከጓዳ በኩል የሚገባውም የኃላፊው ዘመድ ነበር። ስለዚህ አሁን ያለንበትን ሥርዓት ገና ሳየው ለየሁት። ልዩነቱ፣ ያኔ በሰልፉ ላይ የሚያዋራ ሰው መኖሩ ነው።

3ኛ. ኣስፍሃ ሞምባሳ ወደምትኖረው ልጁ ወደ ሕድሪ የሄደ ዕለት፣ ማልዶ ሱቄ ገብቶ አንድ መካከለኛ ሻንጣ ገዛ። ያልተሸጡ የራሱን ሻንጣዎች ኮሪደሩ ላይ የደረደረ ሰው ነው። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ ገና ምንም እንዳልሸጥኩ ማየቱን ነገረኝ። በዋጋው አልተከራከረም፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ሲያደርግ የመጀመሪያው ነው። አንቀጽ አራት ይህንንም የሚከለክል ከሆነ፣ ጥፋቱ የእኔ ተብሎ ይመዝገብ።

ከዚያ ወዲህ ካፊያው ሲጀምር በር ላይ ወጥቼ የምሰድበው ሰው የለኝም። ሻንጣዬን የሚያጥላላ ስለሌለ፣ ጥሩ ነው ብዬ የምሟገትበት ምክንያትም ጠፍቶኛል። ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶች መንገደኛ አራግፈው ይሄዳሉ፤ እኔም ቁጭ ብዬ የተዘጉ ዚፖችን ከፍቼ መልሼ እዘጋለሁ።

ስለዚህ የምለምነው ኪራይ እንዲቀነስልኝ ወይም ዋጋው እንዲለቀቅልኝ አይደለም። ዘጠኝ ቁጥር ሱቅ ከመጋቢት ጀምሮ ባዶ ነው። ለኣስፍሃ ውል ይጻፍለት፤ ሞምባሳ ያለበትን አድራሻ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። እንዳስተማሩን፣ ያለ ርኅራኄ እወዳደረዋለሁ።

ለሰጡን ነጻነት ሁሉ ውለታዎን እያሰብኩ፣ ከፍ ባለ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

በውድድሩ አሸንፎ ብቻውን የቀረው ታዛዥ ተከራይዎ፣
አለኸኝ
አምስት ቁጥር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደንቡን መጣሴን ሌላ ሰው ሳይነግርዎ ራሴ ላሳውቅዎ። ትናንት ጠዋት ይድነቃቸው ገና ምንም እንዳልሸጠ አይቼ፣ ከልማድ የተነሳ አንዲት ደንበኛ ላክሁለት። ወዲያው ተመልሳ መጣች፤ ወንበሩ ላይ ተኝቶ ስላገኘችው መቀስቀሱ አሳዝኗት ነው። ማስጠንቀቂያውን ለእኔ ይላኩልኝ፤ ለእሱ ግን፣ ከማኅበሩ መዋጮ ከተረፈ፣ ትራስ ይገዛለት።