ስለ ክንዴ የተሰጠ የቤት ሥራ

ዓርብ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1986፣ አሥመራ

ጥራቮሎ ሰፈር ክብደት ማንሣት የምታሠለጥነን፣ ለተብርሃን የምትባለው ሴት፣ ታጋይ ነበረች። ብረታችን የውሃ ቧንቧ ነው፤ ክብደቱ ደግሞ ሲሚንቶ የሞላ ጣሳ። ባለፈው ሳምንት የቤት ሥራ ሰጠችን፦ «ስለ ክንዳችሁ አንድ ቃል አምጡ፤ ወንድ የሚል ግን እንዳይኖርበት።»

እኔ ምንም አላገኘሁም። አሮጊቷ ጎረቤታችን አደይ ለተሚካኤል ባዩኝ ቁጥር «ዋይ ጓለይ፣ ዋይ ልጄ! ትከሻሽ የወንድ ሆነ፤ ማን ያገባሻል?» ይላሉ። እናቴም ነጠላ ደርቢበት ትለኛለች። ያበግነኛል።

ዛሬ አባባን ለጁምዓ ሶላት የሚወስደው ታክሲ በር ላይ ቆሞ ጡሩንባ ይነፋል። እግሮቹ እምቢ ካሉት ወዲህ ሁልጊዜ ዓርብ ሁለት ጎረቤቶች ተሸክመው ያስገቡታል። ዛሬ ሁለቱም የሉም። አባባ ነጭ ቆቡን እንዳደረገ አንገቱን ደፋ። አላስቻለኝም። ለተብርሃን እንዳስተማረችን ከጉልበቴ በርከክ ብዬ ታቀፍኩትና ተነሣሁ። ግቢውን አቋርጬ ታክሲው ውስጥ አስቀመጥኩት። አደይ ለተሚካኤል በራቸው ላይ ቆመው ያያሉ።

አባባ ክንዴን ያዝ አድርጎ፣ «እነዚያ ሲያነሡኝ ይጥሉኛል እያልኩ ልቤ ይመታ ነበር» አለኝ። «ዛሬ አልፈራሁም፤ አልሐምዱሊላህ።»

ሲመለስ እናቴ ለሚመጣው ዓርብ ሰዎቹን ልለምናቸው አለችው።

«ምን ሊያደርጉ? ልጅቷ አለች አይደል?» አላት።

ለለተብርሃን «አባባ የማይፈራበት ክንድ» ብዬ እነግራታለሁ። አንድ ቃል ሳይሆን ሦስት ነው። ከፈለገች ትቀንስልኝ፤ እኔ አንዷንም አልቀንስም።