ፎቶ ቤቱን አልዘጋም

ልጄ ቢሊሴ፣

ጠብቆ ያሳደገሽ ጌታ ጃፓንም በክንፉ ይጋርድሽ። እኛ ባምባሲ ደህና ነን። ዝናቡ ገብቷል፤ ማንጎው ግን ገዢ አጥቶ ከዛፉ ሥር ይበሰብሳል።

በኮሮና ምክንያት ካሜራ የሚገዛ ጠፍቶ ፋብሪካችሁ ሠራተኛ እየቀነሰ ነው ማለትሽ አስጨንቆኛል። «ካሜራ አበቃለት፤ አንቺም ፎቶ ቤቱን ዝጊው» ያልሽውን ግን አልቀበልም! ስልክ ፎቶ ያነሳል ትያለሽ። የማን ስልክ ነው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንግዳ ሲቀበል ያየሽው?

ታናሽሽ ቃናኒ ቅዳሜ አገባች። ሰው መሰብሰብ ስለተከለከለ ሙሽሮቹን ፎቶ ቤት አቆምኩና ዘመዱን በየተራ እያስገባሁ፣ ጭምብሉን እያስወለቅኩ፣ በአባትሽ ካሜራ አነሳሁ። ፎቶዎቹን ሳሎን ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ስሰቅላቸው ሙሉ ሠርግ ሆኑ። ኮሮና ዓይኑ እያየ ልጄን ዳርኩ!

ፋብሪካው ቢያሰናብትሽም አንገትሽን እንዳትደፊ፤ እጅሽ ሥራ ያውቃል። ከፎቶዎቹ መሃል አንድ ቦታ ባዶ ትቻለሁ። እባክሽ ልጄ፣ ከፋብሪካው ሳትወጪ፣ በገዛ እጅሽ በገጣጠምሽው ካሜራ ፎቶ ተነሺና ላኪልኝ። ጌታ ፊቱን ያብራልሽ። ያንቺ ፎቶ ሳይሰቀል የእህትሽ ሠርግ አያልቅም።

እናትሽ በቀለች