ወደ ሦስት ቤት ሽማግሌ ያስላከ ሥልጠና

ለክቡር አቶ ፍቅሩ፣
የ«ንቁ እጆች» የንግድ ማሠልጠኛ ኃላፊ፣
ቡታጅራ

ክቡር ሆይ፣ የእግዚአብሔር ሰላም ከእርስዎና ከባልደረቦችዎ ጋር ይሁን፤ ጤናዎም እንደ ድምፅ ማጉያዎ ብርቱ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ከማለዳ ጀምሮ ከወንበሬ ወደ አጥሩ በር፣ ከአጥሩ በር ወደ ወንበሬ ስመላለስ ስለዋልኩ፣ ጽሕፈቴ ቢጣመም ይቅርታ ይደረግልኝ።

የባጃጅ መለዋወጫ ነጋዴ የሆነው የልጅ ልጄ አምሀ እርስዎ ዘንድ አሥር ቀን ሠልጥኖ፣ የምስክር ወረቀት ይዞ መጥቷል። ስለ ውለታዎ የሚከተለውን በትሕትና አመለክታለሁ።

፩. ነጋዴ በአንድ ደንበኛ ላይ ብቻ ተስፋ እንደማይጥል አስተምረውታል። አምሀም ትምህርቱን ሳያሳድር፣ ሁለት ዓመት ሲያስባት ከኖረችው ከጎረቤታችን ከአቶ ሽባባው ልጅ ከማዕዶት ሌላ፣ በዚያው ሳምንት ወደ ወልቂጤና ወደ ጉብሬም ሽማግሌ ላከ። ሦስቱም ቤት እሺ አሉ። ለእንዲህ ያለ ስኬት ማሠልጠኛዎን ከማመስገን በቀር ምን እላለሁ?

፪. ገበያን አስቀድሞ ማጥናት እንደሚገባም አስተምረዋል። ጉብሬ ከሄዱት ሽማግሌዎች አንዱ የማዕዶት አጎት መሆናቸውን ግን ጥናቱ አላገኘውም። እኚህ ሰው እሁድ እህታቸውን፣ የማዕዶትን እናት፣ ሊጠይቁ ሄደው የማዕዶትን እጮኛ ስም ሲሰሙ፣ የያዙትን ብርጭቆ አስቀምጠው፣ ለዚህ ልጅ እኮ ማክሰኞ ዕለት ጉብሬ ድረስ ሄጄ ሚስት ለምኜለታለሁ አሉ።

፫. ማዕዶት በማግስቱ ወደ እኔ መጣች። አላለቀሰችም። እማማ፣ እኔ ስንተኛ ነበርኩ ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሴት በጣቶቼ መቁጠር ጀመርኩ። አምሀ ግን ከጓዳ ወጥቶ፣ አማራጭ ለማስፋት እንጂ ለክፋት እንዳልሆነ በትምህርቱ መሠረት አስረዳት። ከዚያን ቀን ወዲህ ሱቁን ዘግቶ ከእነ ማዕዶት ደጅ ቆሞ ይውላል፤ በሩም አይከፈትለትም፤ እኔም ከአጥራችን በር ብቅ እያልኩ አየዋለሁ። የተቀየመ ደንበኛን የመመለስ ትምህርት በሥልጠናው በስንተኛው ቀን እንደሚሰጥ ቢገልጹልኝ፣ ምናልባት ያን ቀን ቀርቶ ይሆናል።

ለሚቀጥሉት ሠልጣኞች ሰው ዕቃ አለመሆኑን የሚያስረዳ አንድ ክፍለ ጊዜ እንዲጨምሩ እለምናለሁ። መምህር ቢቸግርዎ ጠመኔዬን ይዤ እመጣለሁ።

ውለታዎን መርሳት ያቃታት፣ እንቅልፍም የነሳት፣
አሰፋሽ ገብሬ
ጡረተኛ የሒሳብ መምህርት

ተጨማሪ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ አቶ ሽባባው መጡ። እርስዎም ስሟን ከአምሀ አንደበት ሰምተው ኖሮ፣ ትናንት ለማዕዶት ሽማግሌ መላክዎን፣ ወደ ሌላ ቤት ግን አለመላክዎን ነገሩኝ። በአንድ ደንበኛ ላይ ብቻ ተስፋ መጣልዎ አሳስቦኛል። ስለ ጠባይዎ የማውቀውን እንድነግራቸው ስለለመኑኝ፣ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ሰጥቻቸዋለሁ።