መንደርሽን ሰባት ዓመት ያስረጀሁት እኔ ነኝ

ሰኒዬ፣ የኔ ሆድ፣

ከተለያየን ዛሬ አምስት ወር ከአስራ ስድስት ቀን ሞላን። አርባሽም ወጣ፣ ሰማንያሽም ወጣ። ሰው ሁሉ አለቀሰ፣ በላ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «በርታ» አለኝና ወደየቤቱ ገባ። ይቺን «በርታ» የምትባል ቃል ያመጣትን ሰው ባገኘው ነበር የምጣላው። ምን ማለት ነው በርታ? ሲሚንቶ ነኝ እንዴ?

ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም፤ ለመዋሸትም አልጻፍኩም። አንድ ነገር ልናዘዝልሽ፣ አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅሽ ነው። መንደርሽን አበላሽቼብሻለሁ። አዎ፣ ጌሙ ውስጥ ያለችውን መንደርሽን። አሁን ይሄን ስጽፍ ቴሌቪዥኑ በርቷል፣ ጆይስቲኩ ጉልበቴ ላይ ነው፣ ስክሪኑ ላይ አንድ ጥያቄ ቆሞ መልስ ይጠብቃል። የተጠየቅሽው አንቺ ነሽ፣ መልሱን የምጫነው ግን እኔ ነኝ። እጄ እምቢ አለኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። አራብሳ እንዳለች ናት። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣለች፤ አራተኛ ፎቅ ስትደርስ ደክሟት ነው መሰለኝ ትንጠባጠባለች። ልብሶችሽን እናትሽ ወሰዱ። ቢጫዋን ሹራብ ግን ደብቄ አስቀርቻለሁ፤ ቢቆጡም ይቆጡ። ከታች ያሉት እትዬ አስካለ፣ እነዚያ በጌማችን ድምፅ ተማርረው በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን የሚደበድቡት፣ ባለፈው ደረጃ ላይ አስቁመውኝ «ምነው ልጄ፣ ያ ጩኸት ቀረ እኮ፤ ቤቱ ጭር አለብኝ» አሉኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ዝም በሉ ሲሉን ኖረው! የያዙትን የውሃ ጀሪካን ተሸክሜ ቤታቸው አደረስኩላቸው። እኔ፣ ለእትዬ አስካለ! አንቺ ብታዪ ታጨበጭቢ ነበር።

ገርጂ ያገኘሁሽን ቀን ሳስብ ነው የከረምኩት። ጌም ቤቱ ሙሉ ኳስ ነው የሚጫወተው። ኳስ፣ ኳስ፣ ኳስ! ይሄ ዛሬም ያናድደኛል፤ በዚህ ከተማ ጌም ማለት ኳስ ነው ያለው ማነው? አንቺ ገባሽና «ታሪክ ያለው ጌም የላችሁም?» አልሽ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ደግሞ አፌን መቼ እችላለሁ፣ «እህቴ፣ ታሪክ ከፈለግሽ ሙዚየሙ ስድስት ኪሎ ነው» አልኩሽ። ሳትናደጂ አጠገቤ ቁጭ አልሽ። በድብድብ ጌም አስራ አንድ ጊዜ አሸነፍኩሽ። በአስራ ሁለተኛው ጆይስቲኩን አስቀመጥሽና «ይሄ ያንተ ሰውዬ ግን ለምንድነው የሚጣላው?» አልሽኝ። አራት ዓመት በሱ ተጫውቻለሁ፤ ለምን እንደሚጣላ ጠይቄው አላውቅም። በዛች ጥያቄ ነው የያዝሽኝ።

ክርክራችን ግን በጋብቻም አላለቀም። ዛሬም አልተሸነፍኩም፣ ስሚኝ! የድብድብ ጌም ቀጥተኛ ነው። ከሞትክ ቀርፋፋ ስለሆንክ ነው። ትልቁ ጠላት፣ ቦሱ፣ ከመምታቱ በፊት ትከሻውን ያነሳል፤ ካላየህ የራስህ ጉዳይ። ዘመድ የለ፣ ምልጃ የለ፣ ነገ ተመለስ የለ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ፍትህ የሚባለውን ነገር ያየሁት እዛ ነው። እንግሊዝኛ እንኳን ያስተማረኝ ጌም ነው፤ አስተማሪ ሆነሽ አነጋገሬን ስታርሚ የኖርሽው አንቺ ብትሆኚም። ያንቺ የታሪክ ጌም ግን? ዓለም በእሳት እየነደደ፣ ሰይፍህን ይዘህ ልታድን እየሮጥክ፣ አንድ ሽማግሌ መንገድ ላይ ያስቆምህና ዶሮዬ ጠፋችብኝ ይልሃል። ዶሮ! አንቺ ደግሞ ዓለሙን ትተሽ ዶሮዋን ፍለጋ ትሄጃለሽ። ስጮህብሽ «ለሱ እኮ ዓለሙ ዶሮዋ ናት» ትይኛለሽ። ከዛ ጨምረሽ፣ «ያንተ ጌም ላይ ሰው ሁሉ ስሙን ሳይናገር ነው የሚሞተው።»

በአንድ ነገር ብቻ ተስማምተናል፤ የኔዎቹም ያንቺዎቹም ጌሞች እኛን አያውቁንም። የመንደሩን ጌም ስትጀምሪ፣ ተጫዋቹ የራሱን ሰው መልክ የሚመርጥበት ፊት መሥሪያው ላይ ሁለት ቀን ፈጀሽ። ሃምሳ ዓይነት ጸጉር አለ፣ ሹሩባ ሲባል ሁለት፣ ሁለቱም የገመድ ቁራጭ የመሰሉ። እኛን አገር የሚመስል ቦታ ካመጡም አቧራና ጠመንጃ ነው፤ የምንመጣው ተኩሰን ልንሞት ነው። እኔ ስሳደብ አንቺ አፍንጫዋን እየጎተትሽ፣ ግንባሯን እያሰፋሽ፣ አገጭሽ ላይ ያለችውን ጠባሳ እንኳን ፈልገሽ አገኘሽላትና ራስሽን አስገባሽ። ስሟንም ሰኒ አልሻት።

የጌም ማሽኑ መጀመሪያ ሲበራ ቀንና ሰዓት ጠየቀሽ። አንቺ በኛ ሞላሽው! በኛ ዓመተ ምሕረት፣ በኛ ወር፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ብለሽ። «ይሄ እቃ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚሠራው» ብልሽ «ቤቴ ገብቷል አይደል? በቤቴ ሰዓት ይሂድ» አልሽ። ወሩ ሠላሳ አንድ ባለ ቁጥር እየገባሽ ታስተካክይው ነበር። ያ የመንደርሽ ጌም ደግሞ ጉደኛ ነው፤ ብታጠፊውም በማሽኑ ሰዓት ይኖራል። ጎመኑ ይበቅላል፣ ልጆቹ ያድጋሉ፣ ፀሐይዋ ትወጣለች ትገባለች። በስድስት ሰዓቱ ልዩነት እዚህ ሲመሽ እዛ ቀትር ነው። ሲኤምሲ ከነዛ ሕፃናት ተማሪዎችሽ ጋር ስትጮኺ ውለሽ፣ የታክሲ ሰልፍ አድርቆሽ ስትገቢ መስኮታችን ጨልሟል፤ መንደርሽ ግን ጠራራ ፀሐይ። «አየህ፣ በአንድ ቀን ሁለት ቀን አገኘሁ» ትይ ነበር።

ኩላሊትሽ እየደከመ ሲሄድ የዓሣ ኩሬሽ እየሰፋ፣ ጎመንሽ እየበዛ ሄደ። ከሆስፒታል መልስ ሶፋው ላይ ጋደም ብለሽ፣ ያቺን ቲሊ የምትባለውን የጌሙን ትንሽ ልጅ ዓሣ ማጥመድ ስታስተምሪያት እኔ ኩሽና ሆኜ አጉረመርም ነበር። ቅናት ነው፣ አሁን ልመን። ለእኛ እግዜር ልጅ አልሰጠንም፤ ላንቺ ጌሙ ሰጠሽ።

ለቅሶው ላይ ቴሌቪዥኑን ነጠላ አልብሰውት ነበር። አርባሽ በወጣ ማግስት ገለጥኩና ማሽኑን አበራሁት። መንደሯ ውስጥ ባለው ቤትሽ መስኮቱ ጋ ቆመሻል። ጆይስቲኩን ማንም ሳይነካው ትተነፍሻለሽ። ሰኒ፣ ደረትሽ ከፍ ዝቅ ይላል! እግርሽን ትቀያይሪያለሽ፤ አንዳንዴ ዞር ብለሽ ወደኔ ታያለሽ። የሆነ አገር የተቀመጠ ሠራተኛ፣ ሰው ዝም ብሎ ሲቆም እንጨት እንዳይመስል ብሎ የሠራው ነገር ነው፤ አውቃለሁ። ማወቄ ምንም አልጠቀመኝም። ከሥራ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ ቁጭ ብዬ ሳይሽ እቆያለሁ። አንድ እርምጃ አላንቀሳቀስኩሽም። ወደኔ ስትዞሪ «ምነው?» እልሻለሁ። እትዬ አስካለ ሰምተውኝ እንደሆነ እንጃ።

የራሴንም ጌም ሞከርኩ፤ ሐሳቤን ይወስደው እንደሆነ ብዬ። አልሆነም። አንዱ ጎራዴ ይዞ መጣብኝ፤ እኔ ልመታው ሳይሆን ይሄ ሰው ስሙ ማነው እያልኩ ቆምኩ። በመጀመሪያው ዙር ገደለኝ። እኔን! አበላሽተሽኝ ነው የሄድሽው።

ባለፈው ሳምንት ማሽኑ ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዲሽ ስተክል ሪሲቨር ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ሃርድ ዲስኩ ሊሞት ነው። ሁለተኛ ልትሄጂብኝ? ኮፒሽን ኢንተርኔት ላይ ላስቀምጥ ብዬ፣ ከተገዛ ጀምሮ ኢንተርኔት አይቶ የማያውቀውን ማሽን በስልኬ ሆትስፖት አገናኘሁት። ኔትወርኩ ተቆራርጦ ኮፒው ሳይሄድ ቀረ። አንድ ሥራ ብቻ ሠራ። ሰዓቱን አስተካከለ። ሳይጠይቀኝ! ያንቺን ዓመት ወደ ፈረንጁ ዓመት ገለበጠው። ጌሙን ስከፍተው፣ ለመጨረሻ ጊዜ ከተከፈተ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ሆነ ይላል።

ሰባት ዓመት ከስምንት ወር፣ ሰኒ! በአንዲት ደቂቃ። ጣሪያሽ ተቀዷል፣ ወለሉ ላይ ሣር በቅሏል፣ አንቺ ግን እዛው መስኮት ጋ እየተነፈስሽ ቆመሻል። አንድ ቀን ሳታረጂ፣ ሰው የለቀቀው ቤት ውስጥ። ዓመቱን በእጄ ወደ ኋላ መለስኩት፤ ምንም። ራሱ ሴቭ አድርጎታል። ይሄን በራሱ ሴቭ ማድረግ የሚሉትን ነገር ድሮም እጠላዋለሁ፣ ተናግሬያለሁ! የኔ ጌም ላይ ከተሳሳትክ ይመልስሃል፣ ደግመህ ሞክር ይልሃል። ያንቺው አይመልስም። «ለዛ እኮ ነው የምወደው» ያልሽው አሁን ገባኝ፤ ገብቶኝም አልወደድኩትም።

ዛሬ እሑድ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጆይስቲኩን ነካሁና ከበሩ አወጣሁሽ። ኩሬው ዳር አንዲት ረጅም ወጣት ዓሣ ታጠምዳለች። ቲሊ ናት። መንጠቆውን የምትወረውረው ልክ አንቺ እንዳሳየሻት ነው። ዞር ብላ አየችሽና «የት ነበርሽ?» አለች። ሦስት መልስ ተደረደረ፦ መንገድ ሄጄ ነበር፤ ረስቼሽ ነበር፤ ታምሜ ነበር። አየሽልኝ ጉዳቸውን? ተራራ ሠርተው፣ ባሕር ሠርተው፣ የሰው መልስ ላይ ሲደርሱ ሦስት! አንዱም ልክ አይደለም። ለእውነት የሚቀርበውን፣ ታምሜ ነበር የሚለውን ተጫንኩ። እሷ ደግሞ «አሁንስ ተሻለሽ?» አለችሽ። ምርጫው ሁለት ነው፤ አዎ፣ ወይም ገና ነኝ። እዚህ ላይ ነው የቆምኩት።

ለምን እንዳቃተኝ ታውቂያለሽ። ያን ሐሙስ ጠዋት እኔም ይሄንኑ ጠይቄሽ ነበር። አያት አንድ ሰውዬ ቤት ዲሽ ልተክል ቀጠሮ ነበረኝ። «ልቅር እንዴ?» አልኩሽ። «ተሽሎኛል፣ ሂድ ባክህ» አልሽኝ። ፈገግም ብለሻል። ጠያቂውን ሁሉ እንደዛ እያልሽ ነበር የምትሸኚው፤ ሰው እንዳይጨነቅ፣ ሰው ሥራ እንዳይፈታ። እኔ ግን ጠያቂ ነኝ? ባልሽ ነኝ እኮ! ማረፍሽን ሊነግሩኝ ስልኬ ሲጮህ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ለሰው ቤት ሲግናል እፈልግ ነበር። ተናድጄብሻለሁ ሰኒ። ለማንም ያልተናገርኩት ይሄ ነው፤ ከሐዘኑ እኩል ንዴት አለብኝ። በራሴም ነው። ትከሻውን ሲያነሳ ካላየህ የራስህ ጉዳይ እያልኩ ስፎክር የኖርኩት ሰውዬ፣ ከንፈርሽ ነጥቶ እያየሁ ዲሽ ተሸክሜ ወጣሁ።

አሁን አዎ ብዬ ብጫንልሽ ቲሊ ደስ ብሏት ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ያኔ ያንን ውሸት ባንቺ አፍ ሁለተኛ አስነገርኩሽ ማለት ነው። አላደርገውም። አንቺን ልጠይቅ ነበር ደብዳቤውን የጀመርኩት፤ ግን አውቅሻለሁ፣ ብትኖሪ አዎ በላት ነው የምትይኝ። ስለዚህ አልጠይቅሽም። ይቅር በይኝ፣ ሳትፈቅጂ ልናገርልሽ ነው።

ገና ነኝ የሚለውን ተጫንኩት።

ቲሊ ክሯን ሰብስባ ካንቺ አጠገብ ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። አንቺም ተቀመጥሽ፤ እኔ አላዘዝኩም። ስክሪኑ ላይ ያለው ምልክት ሁሉ ጠፋ። ቀስት የለ፣ ቁጥር የለ፣ ቀጥል የሚል ጽሑፍ የለ። ሁለት ሰው ውሃ ዳር፣ በቃ። ምንም ሳትጠይቅሽ ተቀምጣለች።

ሃርድ ዲስኩ ነገ ሊሞት ይችላል፣ መንደሯም አብራ ልትሄድ ትችላለች። ይሄን ግን ከኔ የሚወስድ ማሽን የለም፦ ሰው ሲጠይቀኝ፣ ሳታስቸግር፣ ሳታማርር አረፈች ማለቴን ዛሬ አቁሜያለሁ። አሟት ነበር፣ አልተሻላትም ነበር፣ እኔም አጠገቧ አልነበርኩም እላለሁ። እንደነበርሽ ነው የማስታውስሽ፣ እንዳስመሰልሽው አይደለም።

አሁን ወንበሬን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠግቻለሁ። የትም አልሄድም።

ብሩክሽ